መድኃኒት የተቀባ ብረት ለማን ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄና የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎች መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከተላኩልን ደብዳቤዎች መካከል ስለ አጥንት ብረትና ስለ መግል የሚጠይቁትን በዚህ እትም ሰብስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ባጃጅ ይነዳል። ደቻቱ አጠገብ ተገልብጦበት ቅልጥሙ ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ አሸዋ ገብቶበት ነበር። ሐኪሞቹ አጥበው ከውጭ በብረት አስረውታል፤ ቁስሉ ሲጠራ ውስጥ ለውስጥ ሮድ (በአጥንቱ ቱቦ የሚገባ ረጅም ብረት) እናስገባለታለን ብለዋል። ጀርመን ያለችው እህቴ «መድኃኒት የተቀባ ሮድ እዚህ አለ፣ ገዝቼ ልላክለት» ትላለች። ትላክ ወይስ ይቅር? (እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ እናታችን፣ እግዜር ይማርልዎት። እህትዎ የነገሩዎት ሮድ በእርግጥ አለ። ሐሳቡም የተወለደው እዚያው ጀርመን ነው። በ1970 ሃምቡርግ ውስጥ ቡክሆልዝና ኤንግልብሬኽት የተባሉ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ዳሌ የሚጣበቅበትን ሲሚንቶ ጄንታማይሲን ከሚባል አንቲባዮቲክ ጋር ቀላቅለው ተጠቀሙ። ከ2005 ወዲህ ደግሞ ጄንታማይሲን የተቀባ የቅልጥም ሮድ አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች እጅ ገብቷል። ቅቡ ፖሊላክቲክ አሲድ ከሚባል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ከሚያሟሟው ስስ ንጣፍ የተሠራ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ንጣፉ ውስጥ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያ ሮድ ካልተቀባው ሮድ ብዙም አይለይም።

ሁለት ቀን ምን ይረባል ይሉ ይሆናል። ቤትዎ ያለውን የውኃ በርሜል ውስጡን በእጅዎ ቢዳብሱት የሚያሙለጨልጭ ነገር ያገኛሉ። ውኃውን ደፍተው ቢያለቀልቁት አይለቅም፤ መፈተግ ይፈልጋል። ባክቴሪያም ብረት ላይ ሲያርፍ እንዲህ ያለ ንጣፍ ይሠራል፤ ባዮፊልም ይባላል። ብረት ደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ በደም የሚመጣው መከላከያም ሆነ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ንጣፉ ሥር ለተደበቀው ባክቴሪያ እንደ ልብ አይደርስም። ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት ሙከራ፣ በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ሥር መግል ለማስያዝ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሚሊዮኖች ያስፈልግ ነበር፤ አንዲት የሐር ክር ስትኖር ግን ጥቂት መቶዎች በቁ። አንዲት ክር ይህን ካደረገች 30 ሴንቲ ሜትር ብረት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያስቡት። ቅቡ የተሠራው ለእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ቤት ሳይሠራ እንዲሞት።

ይላክ ወይ ላሉት፣ አይላክ። ሮድ ብቻውን አይገባም። የራሱ መምሪያ፣ የራሱ ብሎን፣ የራሱ መሰርሰሪያ አለው። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ሳይን የተባለው ሮድ ለምሳሌ፣ የራጅ ካሜራ በሌለበት ብሎኖቹ በመምሪያው ብቻ ቀዳዳቸውን እንዲያገኙ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሮድ ከዚያ መምሪያ ጋር አይገጥምም። ርዝመቱና ውፍረቱም የሚለካው ከራሱ ከልጅዎ አጥንት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ጉልበቱን ይወጋዋል። በዚያ ላይ ፓኮው አንዴ ከተከፈተ ወይም ከተቀደደ በእንፋሎት ደግሞ መቀቀል አይቻልም፤ ቅቡ ይበላሻል።

ገንዘቡንና ጭንቀቱን ሌላ ቦታ ያውሉት። የልጅዎን እግር የሚያድነው አጥብቆ መታጠቡ፣ የሞተ ሥጋ ተቆርጦ መውጣቱና አጥንቱ በቶሎ በራሱ ሥጋና ቆዳ መሸፈኑ ነው። ዶክተሩን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሁለተኛ እጥበት ያስፈልገዋል ወይ? አጥንቱ ሳምንት ሳይሞላ በቆዳ ይሸፈናል ወይ? የቴታነስ መርፌ ተወግቷል ወይ? የውጭው ብረት በሮድ የሚቀየረው መቼ ነው? ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ቅያሪው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፒኖቹ (የውጭውን ብረት ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች) የገቡበት ቦታ ደረቅ ሆኖ ሲደረግ ጥሩ ነው። ፒን ሥር ያለ መግል ግን በአጥንቱ ቱቦ በኩል ቀጥታ ወደ ሮዱ ይሄዳል።

ስለዚህ ፒኖቹን በየቀኑ ይዩዋቸው። ቅቤም ቅጠልም አይቀቡባቸው፤ ወጌሻም አይሸው። መቅላት፣ እርጥበት ወይም መግል ካዩ ቀጠሮው እንዳይራዘምብን ብለው አይደብቁ፤ በዚያው ቀን ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ኦፕራሲዮን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የፋብሪካ ቅብ ያለው ሮድ ስለማናገኝ፣ ያመረቀዘ ሮድ ሲወጣ በአጥንት ሲሚንቶና በአንቲባዮቲክ የተለበጠ ሮድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንሠራለን። አንዳንዴ ሲሚንቶው ቱቦውን ሳይሞላ ይደርቅብናል። አንዳንዴ ደግሞ ለማውጣት ስንጎትት ብረቱ ብቻ ይመዘዝና ሲሚንቶው አጥንት ውስጥ ይቀራል። ልኩ ስንት ነው? የአምፑሉ ጄንታማይሲንስ ይሆናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ብልሽቶች ምክንያታቸው የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው የድሬ ሙቀት ነው። በሲሚንቶው መመሪያ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሙቀት ላለው ክፍል ነው። እንደ ፋብሪካው ቢለያይም፣ በ19 ዲግሪ 12 ደቂቃ አካባቢ የሚፈጀው ሲሚንቶ በ25 ዲግሪ ወደ 8 ደቂቃ ይወርዳል፤ ቬንትሌተሩ ብቻ በሚዞርበት የግንቦት ክፍል ደግሞ ከዚያም ያጥራል። የሚቀጥነው፣ በቱቦ የሚፈሰው ጊዜ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። ሐረር ያለች የሥራ ባልደረባሽ በዚያው ፓኮ እየሠራች ይህን ላታየው ትችላለች፤ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከተማዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዱቄቱን፣ ፈሳሹንና መቀላቀያ ሳህኑን ከአንድ ቀን በፊት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ግን አይሁን። ቀዶ ሕክምናውን የቀኑ የመጀመሪያ አድርጉት። ቱቦው ተቆርጦ፣ ብረቱ ታጥፎ፣ የመግፊያው ሽጉጥ ወይም 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጁ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ፈሳሹ ዱቄቱን አይንካው። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝና ጮክ ብሎ ይቁጠር። ስቶር ውስጥም ፓኮው ከ25 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካስቀመጣችሁት ሳይከፈት ተበላሽቷል።

አንቲባዮቲኩ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ዱቄት መሆን፣ ሲሚንቶው ሲጠነክር የሚያወጣውን ሙቀት መቋቋምና በውኃ መሟሟት። ሲሚንቶ ሲጠነክር 70 ዲግሪን ያልፋል። ቫንኮማይሲን፣ ጄንታማይሲንና ቶብራማይሲን ይቋቋማሉ። ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮል አይሆኑም። ሴፍትሪያክሶን በእጅ ስላለ ብቻ አይጨመር፤ የዚህ ወገን መድኃኒቶች በሰውነት ሙቀት ውስጥ በቀናት ይበላሻሉ፣ ዱቄታቸውም የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሠራተኛ ሊያስነጥሰውና ሊያሳክከው ይችላል።

የአምፑሉን ጄንታማይሲን በፍጹም አትጨምሩ። አስቢው፤ አንዱ አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም ነው የያዘው። አንድ ግራም ለማግኘት 12 አምፑል ተኩል፣ ማለትም 25 ሚሊ ሊትር ውኃ ይገባል። የሲሚንቶው የራሱ ፈሳሽ ግን 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው! ከዚያ ያነሰ ቢጨመር እንኳ ውኃው ሲሚንቶው ውስጥ ክፍተት እየተወ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ያወርደዋል።

ልኩ ይህ ነው። ለአንድ ባለ 40 ግራም ፓኮ 2 ግራም ቫንኮማይሲን፤ ሁለት ባለ 1 ግራም ብልቃጥ ማለት ነው። ከፋብሪካው ጄንታማይሲን ያለበት ሲሚንቶ ካገኛችሁ፣ በፓኮው 0.5 ግራም ስላለው 2 ግራም ቫንኮማይሲኑን በእሱ ላይ ጨምሩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን መውጣት ያግዛል። ሐኪሙ ካዘዘ ቫንኮማይሲኑ 4 ግራም ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሊጡ እየደረቀ አልፈስ ይላል። ይህ ልክ ግን ኋላ ለሚወጣ ሮድና ለጨሌ (ከሲሚንቶው ተድበልብሎ ለሚሠራ ትንንሽ ፍሬ) ነው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያን ለዘለቄታው ለሚያጣብቅ ሲሚንቶ ከ2 ግራም በላይ አይገባም፤ ጥንካሬው ይጎድላል።

አደባለቁ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። የብልቃጡን ዱቄት በንጹህ ማንኪያ ጀርባ እብጠቱን ሰባብሩ። መጀመሪያ ከቫንኮማይሲኑ እኩል፣ 2 ግራም ያህል የሲሚንቶ ዱቄት አንስታችሁ አደባልቁ፤ በድብልቁ ልክ ሌላ ጨምሩ፤ እንዲሁ እያጠፋችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ ከተገለበጠ መድኃኒቱ አንድ ጥግ ተከማችቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። በእጅ፣ በክፍት ሳህን ይደባለቅ። ለመገጣጠሚያ አየር የሚመጥ መሣሪያ ቢመረጥም እዚህ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይጠቅሙናል፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው።

ለቅርጹ የደረት ቱቦ ትጠቀማላችሁ መሰለኝ። በቱቦው ላይ ያለው ፍሬንች የሚባለው ቁጥር ለ3 ሲካፈል የውጭ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይሰጣል። 40 ቁጥር ከውጭ 13 ሚሊ ሜትር ከምናምን ሆኖ ውስጡ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚወጣው ሮድም 10 ይሆናል። የአጥንቱ ቱቦ ታዲያ ቢያንስ 11.5 ወይም 12 ድረስ መሰርሰር አለበት። ጠባብ ቦታ ላይ በመዶሻ የተገፋ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ ያ ስንጥቅ ነው ኋላ ሲጎተት የሚለያየው።

ሁለተኛው ብልሽታችሁ እዚህ ላይ ነው። ውስጡ የምታስገቡት ብረት ለስላሳ ከሆነ ሲሚንቶው የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሻማ ከክሩ እንደሚወልቅ ይወልቃል። ጥርስ ያለው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ተጠቀሙ። ከሌለ ለስላሳውን ብረት በመቁረጫ ቦታ ቦታው ላይ ፈትጉት። የላይኛውን ጫፍ መንጠቆ እንዲይዘው ቀለበት አድርጋችሁ እጠፉት፤ የቅልጥሙን የላይ ጎበጥታም ሲሚንቶው ሳይገባ በብረቱ ላይ አስቀድማችሁ አውጡት። ቱቦውን በንጹህ ፈሳሽ ፓራፊን አርጥባችሁ አፍስሱት። ሲሚንቶው ቀጭን እያለ ከአንድ ጫፍ ሞልታችሁ ብረቱን ወዲያው መሐል ለመሐል ግፉ፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ብረቱ ወደ ጎን ካጋደለ በአንድ በኩል ቅቡ ይሳሳና ከዚያ ይሰበራል። እስኪበርድ ጠብቁ፤ ትኩሱን ቱቦ መላጥ ገጹን ይገፈዋል። ከዚያ ቱቦውን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ ላጡ፣ ሮዱን በጣት ዳብሳችሁ እብጠቱን አስተካክሉ፣ በመለኪያ ቀዳዳው አሳልፉት።

ሮዱ በ6 እስከ 8 ሳምንት ይውጣ። መድኃኒቱ በብዛት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይቆይና በመጨረሻ ባክቴሪያን የማይገድል፣ ግን የሚያለማምድ መጠን ላይ ይደርሳል። ይህ ሮድ በብሎን ስለማይታሰር እግሩን ከመዞር አይከለክልም፤ ጀሶ ወይም የውጭ ማሰሪያ ይጨመርበት።

ጨሌ ስትሠሩ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ አድበልብሉ፤ ትልቅ ጨሌ በልኩ ያነሰ መድኃኒት ነው የሚለቀው። በተገመደ ሽቦ ላይ ሰክታችሁ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ሲወጣም ይቆጠር። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚስብ ቱቦ (ድሬን) አትጨምሩበት፤ መድኃኒቱን ይዞት ይወጣል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ካልወጣ ጠባሳ ይይዘዋል። የተሠራ ጨሌ በእንፋሎት አይቀቀል፤ ሲሚንቶው ይለሰልሳል። ራሱ የሚሟሟ ከካልሲየም ሰልፌት የተሠራ ጨሌም አለ፤ ነገሩ ጀሶ ቢሆንም ለሕክምና የተጣራ ነው፣ ለስብራት ማሰሪያ የሚመጣው ጀሶ እሱን አይተካም።

የሲሚንቶው ፈሳሽ እሳት ይይዛል፤ የላቴክስ ጓንትንም ሰርጎ ያልፋል። ሁለት ጓንት ድረቡ፣ የደም ማቃጠያውን መሣሪያ አርቁ፣ ሽታው እንዲወጣ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ የብር ጌጥ እንሠራለን። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፣ ውጭ አገር አጥንት ውስጥ የሚገባውን ብረት በብር ይለብጡታል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከብሩ ላይ የሚለቀቀው አዮን የባክቴሪያውን ቆዳና የውስጥ ሥራውን ያበላሻል። በዋናነት የሚጠቀሙበት በአጥንት ካንሰር ምክንያት ትልቅ አጥንት ወጥቶ ብረት ሲተካ ነው፤ እነዚያ ቀዶ ሕክምናዎች ረጃጅምና በቀላሉ የሚያመረቅዙ ናቸው። ቅቡ እጅግ ስስ ነው፤ እርስ በርሱ በሚፋተግ መገጣጠሚያ ገጽ ላይም አይደረግም። ብሩ ሲበዛ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለውጠዋል። ጃፓን ካናዛዋ ውስጥ ደግሞ ቲታኒየምን በአዮዲን ይለብጣሉ። የጌጥ ብር ግን መዳብ ስለሚቀላቀልበት ቁስል ላይ ማሰሩ ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የምማር ሬዚደንት ነኝ። ቅብ ያለው ብረት ስለሌለን ቁስሉን ከመስፋታችን በፊት የቫንኮማይሲን ዱቄት እንነሰንሳለን። ማስረጃው ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ትልቁ ሙከራ በ2021 ታትሟል። ለማመርቀዝ በሚያሰጉ የጉልበት ሥርና የቁርጭምጭሚት ላይ ስብራቶች 980 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከፊሎቹ 1 ግራም ዱቄት ተነሰነሰላቸው። በስድስት ወር ውስጥ ጥልቅ ኢንፌክሽን የያዛቸው ዱቄቱን ካገኙት 6.4 በመቶ፣ ካላገኙት 9.8 በመቶ ናቸው። ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ቀለም ግራም ፖዘቲቭና ግራም ኔጋቲቭ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የመጣው ከግራም ፖዘቲቩ ነው፤ እሱ ብቻውን ሲታይ 3.3 ለ6.7 ነው። ግራም ኔጋቲቭን ቫንኮማይሲን አይነካም፤ በእኛ ሆስፒታሎች ከቁስል ናሙና ደግሞ ግራም ኔጋቲቭ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ዱቄቱን መነስነስ ተገቢ ነው፤ በቃኝ ማለት ግን አይደለም። ከታጠበ በኋላ፣ ብረቱ ላይና ሥጋው ውስጥ ይነስነስ፤ ከዱቄቱ በኋላ አትጠብ፣ ድሬኑም ፈሳሽ እንዲስብ አታድርግ።

ለግራም ኔጋቲቩ ያ ለሲሚንቶ የከለከልነው የአምፑል ጄንታማይሲን እዚህ ይሠራል። በ2015 በታተመ የክፍት ስብራት ጥናት 80 ሚሊግራም በ40 ሚሊ ሊትር ጨው ውኃ ቀጥኖ፣ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ በስፌቱ ሥር አጥንቱ አጠገብ ተወጋ፤ በደም ሥር ብቻ ከተሰጣቸው 19.7 በመቶ ሲያመረቅዙ በዚህኛው ወገን 9.5 በመቶ ሆነ። ጥናቱ የኋላ መዝገብ በማየት የተሠራ እንጂ ታካሚዎቹን በዕጣ የመደበ አይደለም፤ ዋጋው ርካሽ ጉዳቱም ትንሽ በመሆኑ ግን ልናደርገው የሚገባ ነው እንላለን። ድሬን ካለ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው አይዘለል። ሴፋዞሊን 2 ግራም ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ፣ እግሩ በጎማ ከመታሰሩ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቀድሞ ይሰጥ፤ ቀዶ ሕክምናው 4 ሰዓት ካለፈ ይደገም፤ ለዝግ ስብራት በ24 ሰዓት ይቁም። ሴፍትሪያክሶንን ሳምንት ሙሉ ማራዘም ብረቱን አይጠብቀውም፤ ዋርዱን ግን መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ይሞላዋል። ክፍት ስብራትን በጨው ውኃ እጠብ፤ ለትንሹ 3፣ ለመካከለኛው 6፣ ለከባዱ 9 ሊትር። በ2015 በታተመ፣ ከ2,400 በላይ ታካሚዎች በነበሩበት ሙከራ ሳሙና የተጨመረበት እጥበት ዳግም ቀዶ ሕክምናን ከ11.6 ወደ 14.8 በመቶ አሳድጎታል፤ በከፍተኛ ግፊት ማጠብም ብልጫ አላሳየም። ከጆንያው በቱቦ ዝቅ ብሎ የሚወርደው ይበቃል።

ጥያቄ፦ አቦ መልሱልኝ። ጭኔ ውስጥ ሮድ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ከሦስት ወር በፊት ስፌቱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ መግል አወጣ። ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ስወስድ ይደርቃል፣ ሳቆም ይመጣል። አሁን ሲፕሮ ጀምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ጫት እቅማለሁ፣ ማታ የግመል ወተት እጠጣለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር ችግር አለው? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከጫቱ በፊት ቀዳዳው ይቅደም። ከብረቱ ጋር የሚገናኝ፣ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ብረቱ ኢንፌክሽን ይዟል። አሞክሳሲሊኑ የሚገድለው መግሉ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነው። ያኔ ይደርቃል። ሮዱ ላይ ንጣፍ ሠርቶ የተቀመጠው ግን አይሞትም፤ አንተ ስታቆም እንደገና ይፈላል። እንዲህ እየጀመርክ እያቆምክ በሄድክ ቁጥር የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው። አሁን የመድኃኒት ቅብ ያለው ነገር ከውጭ ቢቀባ፣ ቢወጋም አይረዳህም፤ ቅብ ገና ላላመረቀዘ ብረት መከላከያ ነው፣ ላመረቀዘው መፈተግና መውጣት ነው የሚገባው።

ሆስፒታል ሂድ። ራጅ ይነሣሃል። አጥንቱ ከገጠመ ሮዱ ይወጣል፣ ቱቦው ተሰርስሮ ይታጠባል፣ ነገሩ በአብዛኛው እዚያ ያልቃል። ካልገጠመና ሮዱ ጠበቅ ብሎ ከያዘ እስኪገጥም በመድኃኒት እየተያዘ ሊቆይ ይችላል። ካልገጠመና ሮዱ ከላላ፣ ለነርሷ የጻፍነው ዓይነት የሲሚንቶ ሮድ ሊገባልህ ይችላል።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማይልህ ከሆነ፣ ሐኪሙን አማክረህ ናሙና ከመወሰዱ ሁለት ሳምንት በፊት አንቲባዮቲኩን ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ላቦራቶሪው ምንም አያበቅልም። ናሙናው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ አጠገብ፣ ቢያንስ ከአምስት ቦታ፣ በየራሱ ንጹህ መሣሪያ ይወሰዳል። ከቀዳዳው አፍ በጥጥ የሚጠረገው የቆዳህን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው፤ በእሱ ብቻ መድኃኒት ቢታዘዝልህ ለምን ብለህ ጠይቅ። ብረቱ ከወጣ በኋላ ሕክምናው 6 ሳምንት ገደማ፣ ብረቱ ከቆየ 12 ሳምንት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ መርፌ እየተወጋህ ትተኛለህ ማለት አይደለም፤ በ2019 በታተመ፣ 1,054 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በአግባቡ የተመረጠ የሚዋጥ መድኃኒት ከሚወጋው አላነሰም። ሪፋምፒሲን ቢታዘዝልህ ብቻውን አይወሰድም፤ በቀናት ውስጥ ባክቴሪያው ይለምደዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ስለሆነ ሳል ካለህ ሳትደብቅ ተናገር። ሽንትህን ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ አትደንግጥ።

ወደ ጫቱ እንመለስ። በ1997 በታተመ ጥናት ጫት እየቃሙ የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ቀነሰ፤ አሞክሳሲሊንም በመጠኑ ቀነሰ። ከበርጫው ሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን ችግሩ ጠፋ። ስለዚህ ክኒኑን በምርቃና መሐል አትዋጥ። ሲፕሮን ደግሞ የወተት ካልሲየም ይይዘዋል፤ የግመልም የላምም አንድ ነው። ከወተቱ 2 ሰዓት አስቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ዘግይተህ ውሰደው። ወተቱን አትተው፤ ሰዓቱን አራርቀው። ጫት ምሳህን የሚያስዘልልህ ከሆነ ሰውነትህ አጥንት የሚጠግንበት ነገር ያጣል፤ ቅሚያውን እስክትድን ብትተወው እንመርጣለን። አብሮት የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻ ግን ምርጫ የለውም፣ ይቁም፤ ኒኮቲን ደም ሥሩን እያጠበበ ስብራቱ እንዳይገጥም ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ፔኒሲሊን ያሳክከኛል፤ ክንዴ ላይ ፕሌት ሊገባልኝ ነው። አንቲባዮቲክ ሳይሰጠኝ ይሁን? (ከለገሃሬ)

መልስ፦ ሳይሰጥዎት አይሆንም። ማሳከክ ወይም ሽፍታ ብቻ ከነበረ ሴፋዞሊን አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል፤ አወቃቀሩ ከፔኒሲሊን ይለያል። ፊትዎና ጉሮሮዎ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረዎት ወይም ራስዎን የሳቱ ከሆነ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ይንገሩ፤ ቫንኮማይሲን በኪሎ 15 ሚሊግራም ወይም ክሊንዳማይሲን 900 ሚሊግራም ይተካል። ቫንኮማይሲኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ቀስ ብሎ መንጠባጠብ ስላለበት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ በፍጥነት ከገባ ፊትና አንገት ያቀላል፣ ያሳክካል፤ ያ ከሆነ ጠብታውን እንዲያዘገዩት ነርሷን ይጥሩ።